ሻምበል አበበ ቢቂላ ከአደጋው በኋላ



በዚህ በደማም የኢንዱስትሪ ከተማ አካባቢ የምንማር ኢትዮጵያውያን ዓርብ ማታ፣ የቀኑ ወበቅ ጥቂት ሲለዝብ፣ ኳስ እንጫወታለን። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን እንዳንጠራ የለመነን ወንድማችን፣ ከዓመት በፊት ጉልበቱን ተጎድቶ ጅማቱ በቀዶ ጥገና ተጠግኖለታል። ሐኪሙ ድነሃል ብሎ ካሰናበተው ወራት አልፈዋል። ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በኾባር የባሕር ዳርቻም ከእኛ እኩል ረጅም መንገድ ይራመዳል። ሜዳ ውስጥ ግን አይገባም። ኳሷ ከመስመር ወጥታ ወደ እርሱ ስትንከባለል እንኳ በእጁ አንሥቶ ነው የሚመልሳት።

ይህ የእርሱ ብቻ ችግር አይደለም። በሰሜኑ አገር በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጨፍሩት ስፖርተኞች ከዝላይ በኋላ የሚያርፉት በአንድ እግር፣ ያውም እንደ ድንጋይ በጠነከረ በረዶ ላይ ነው። ጉልበቱ የተጎዳበት እንዲህ ያለ ስፖርተኛ ጡንቻው ተመልሶለት እንኳ ሊዘል ሲል ልቡ ወደ ኋላ ይቀራል። የጉልበት ጅማታቸው ተጠግኖላቸው ወደ ጨዋታቸው ከማይመለሱት መካከል ብዙዎቹን የሚያስቀረው ዳግም እጎዳለሁ የሚል ፍርሃት መሆኑን የስፖርት ሐኪሞች አጥንተው ያውቁታል።

በዚህ ዕትም የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት ለመጻፍ የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። በባዶ እግሩ የሮጠበትን ድል ከአንባቢዎቻችን የማያውቅ አይኖርም፤ እርሱን በአጭሩ እናልፈዋለን። ልንቆይበት የፈለግነው እግሩ ከከዳው በኋላ ባለው ዘመን ነው። እግረ መንገዳችንን፦ በማዕረጉ አንቱ ልንለው ይገባን ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ እንደ ገዛ ልጁ አበበ እያለ ስለ ጠራው እኛም ከሕዝቡ አንለይም።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ መንደር ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚያድርበት። በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። በዚያ አገር ገና ሲባል ግቡና ግቡ አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር የሚራራቅ ጨዋታ ስለ ሆነ፣ የሩጫ ትምህርቱን ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻላል። ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ በዚያም ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን አገኘውና አሠለጠነው።

የሮም ውድድር የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። የገዛው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ተነሣ፤ በመጨረሻው ላይ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተፈትልኮ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። በመንገዱ ላይ ጣልያኖች ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ተተክሏል፤ አበበ ይህን ለማየት አልታደለም።

ብዙ የማይነገር አንድ ነገር እዚህ ላይ እናክል። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሮም ከተማ ሌላ ጨዋታ ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ተወዳደሩ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው ነው። ከክብር ዘበኛው ሯጭና ከእነዚያ ሰዎች መካከል ያኔ ምን ዝምድና ሊኖር እንደሚችል ማን ይገምት ነበር?

በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ፤ ከሮም ድል በኋላ ለለመደው ሕዝብ ይህ ሽንፈት ነበር። ቀጥሎ የመጣው የቶኪዮ ውድድር ሲቃረብ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ቁስሉ ሳይጠግ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ይሮጥ ነበር እየተባለ ይወራል። ከቀዶ ጥገናው እስከ ውድድሩ አርባ ቀን ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ቀኑን ስንቆጥረው ግን 35 ነው። ጥቅምት 11 ቀን ቶኪዮ ላይ፣ አሁን ጫማና ካልሲ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ነበረው፤ በዚህ መካከል አበበ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ እግሩ መክዳት ጀመረ። በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔን አገር ዛራውስ በተባለች ከተማ ሲወዳደር የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎዳበትና ሳይጨርስ ወጣ። ያ ጉዳት ሙሉ በሙሉ አልተወውም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ደረቱ ላይ ቁጥር 1 ለጥፎ ሲሰለፍ እግሩ አሁንም ጤነኛ አልነበረም፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ በኋላ እንደ ተረከው፣ አበበ እርሱ መጨረስ እንደማይችል ነግሮት ድሉን ለኢትዮጵያ እንዲያመጣ አደራ ሰጠው፤ ማሞም አደራውን ተቀብሎ አንደኛ ወጣ።

ስለ ሜክሲኮ ሲጻፍ የአበበ ጀግንነት ይወደሳል፤ እኛ እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ጸሐፊዎች ጥቂት እንለያለን። ባልዳነ እግር መሰለፍና በዳነ እግር መሰለፍ አንድ አይደሉም። ሥቃይ አጥንት ወይም ጡንቻ የሚልከው መልእክት ነው፤ መልእክቱ እውነት በሆነ ጊዜ አልሰማም ማለት ጉዳትን ያባብሳል። የሜዳ ዳር ወንድማችን የሚሰማው ግን ጉልበቱ መላክ ያቆመው የቆየ መልእክት ነው። አበበ ሁለቱንም ዓይነት አይቷል፤ በሜክሲኮ የመጀመሪያውን፤ ሁለተኛውን ያየው ግን ከዚህ እጅግ በከፋ ቦታ ላይ ሆኖ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሻምበልነት ከተሰጠው ብዙ ሳይቆይ፣ ከቶኪዮ ድል በኋላ የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ወደ ትውልድ አገሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ ከመኪናው ሳይወጣ አደረ። የተጎዳው የአንገቱ አከርካሪ ነበር፤ ወደ ሆስፒታል ሲደርስ እጆቹም እግሮቹም አይንቀሳቀሱም። ዕድሜው 36 ዓመት ነበር።

በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዚያን ቤት አሠራር ሳያውቁ አበበ በኋላ ያደረገውን መረዳት ያስቸግራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው ብዙ ዕድሜ አይሰጠውም ነበር፤ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ሕመም ይሞት ነበር። ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944) የዚህን ሆስፒታል የአከርካሪ ክፍል ሲረከብ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው፣ በሽተኛው ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፤ ሁለተኛው፣ ሥራና ስፖርት እንዲሰጠው። በእርሱ ዘንድ ስፖርት መድኃኒት እንጂ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና ወገብን ያጠነክራል፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ደግሞ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅንና ፍጥነትን ያስተምራል። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን 16 ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ሣር ላይ በቀስት አወዳደረ። የሮሙ ጨዋታ የበቀለው ከዚህ ሣር ላይ ነው።

አበበ በዚያ ስምንት ወር ቆየ። በመጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ንግሥት ኤልሣቤጥ ሳይቀሩ ጎበኙት፤ ከየአገሩ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። ድሉንም አደጋውንም እኩል ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ ይናገር እንደ ነበር ይታወቃል። እኛ ይበልጥ የምናተኩረው ግን ከተናገረው ይልቅ ባደረገው ላይ ነው። በእግሩ ዓለምን ያሸነፈ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት ሲማር ጀማሪ ነው፤ ከእርሱ በፊት የተጎዱት ሁሉ ይበልጡታል። ስመ ጥር ሰው ሲሸነፍ መታየትን ይፈራል፤ ከቤቱ ሳይወጣ በቆየ ዝናው መኖር ይመርጣል። አበበ ይህን ፍርሃት ይዞት ከነበረም ቤቱ አላስቀመጠውም። በ1962 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1970) በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። ከተሰለፈ መሸነፍ እንዳለ ያውቃል፤ ተሰለፈ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1971፣ በኖርዌይ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ሲደረግ ተጋበዘ። የተጠራው በክብር እንግድነት ነበር፤ ወንበሩ ከተመልካቾች ጋር ተዘጋጅቶለት እጁን እያወዛወዘ መመለስ ይችል ነበር። እርሱ ግን በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ተወዳደረ፤ በዚህም ሳይበቃው በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ለረጅም ርቀት ውድድር ቀረበ። 16 ተወዳዳሪዎችን አስከትሎ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ነው እንበል እንጂ፣ እንዲህ ያለ በረዶ በአገሩ የለም፤ ጋሪውም አዲሱ ነው፤ የሚገፋበት እግርም የለውም። ይህ ድል በአገራችን የመማሪያ መጻሕፍት ከሮምና ከቶኪዮ አጠገብ በአንድ መስመር እንኳ ቢጠቀስ ደስ ይለን ነበር። እዚህ የባሕረ ሰላጤው እርጥብ ሙቀት ሸሚዛችንን ከጀርባችን ጋር አጣብቆብን ሳለ ይህን ስንጽፍ፣ በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ኢትዮጵያዊው ሲንሸራተት ለማሰብ ትንሽ ያዳግተናል፤ ነገሩ ግን የተፈጸመ ነው።

ከዚያ የሙኒክ ኦሎምፒክ መጣ። በመክፈቻው ቀን፣ ነሐሴ 20 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ የሮም ድል ልክ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላበት ቀን ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሆነ። ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ አበበ ወደ ተቀመጠበት ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ከዓመት ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ ከዚያው አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆቻቸው ቀሩ። የሐዘን ቀን ታውጆ አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ 65,000 ያህል ሕዝብ እንደ ሸኘው ይገመታል።

ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል። ስለ ጉልበቱ የተጻፈውን እንድናሳጥርለት ጠይቆን አሳጥረናል፤ ስለ ሜክሲኮ በሰጠነው አስተያየት አልተስማማም፤ አበበ ባይሰለፍ ኖሮ ማሞ ያን አደራ ከማን ይቀበል ነበር ሲል ተከራክሮናል። ክርክሩ አላለቀም። በማኅበሩ ክፍል ያለው የጠረጴዛ ቴኒስ መረብ ተጠግኗል፤ ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ ከመግሪብ በኋላ ክፍሉ ክፍት ይሆናል። ራኬት ያለው ይዞ ይምጣ፤ ያሉን ሁለት ብቻ ናቸውና። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከእኛ ጋር የሚጫወተው እርሱ ነው፤ ሜዳውን በተመለከተ ገና ቃል አልሰጠንም።