ኢብኑል ሀይሠም፦ የጨረቃን ብርሃን የመረመሩት ዓሊም



ረመዷን ሲቃረብ በየስልካችን የሂላል ፎቶ ይበዛል። ጨረቃን ለማንሳት የሚሞክር ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ አንድ ዓሊም አሉ፤ አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም።

የተወለዱት በ354 ሂጅራ (965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በኢራቋ በስራ ነው። የናይልን ሙላት መግራት ይቻላል ብለው በማሰባቸው የፋጢሚዮች ገዥ አል-ሓኪም ወደ ግብፅ አስጠራቸው። ያ ሙላት ከእኛው ተራሮች የሚወርድ ነው፤ ከጎማ ተራሮች የሚነሳው ዲዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። ኢብኑል ሀይሠም አስዋን አካባቢ ደርሰው ሥራው እንደማይሆን ተረዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ከገዥው ቁጣ ለመዳን እብድ መስለው፣ አል-ሓኪም በ1021 እስኪሞት ድረስ በቤት ተወስነው ቆዩ።

ስለ ብርሃንና እይታ ሰባት ክፍል ያለውን «ኪታብ አል-መናዚር» ጻፉ። በግርዶሽ ጊዜ የፀሐይ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ግድግዳ ላይ የማጭድ ቅርጽ እንደሚሠራ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ እንደሚለወጥ መረመሩ። ስለ ጨረቃም በጻፉት ሪሳላ፣ ብርሃንን እንደ መስታወት እንደማትመልስ፣ ፀሐይ ካበራችው ከእያንዳንዱ ነጥቧ ብርሃን በየአቅጣጫው እንደሚወጣ አስረዱ።

ለፎቶ ቁልፉ ይኸው ነው፤ ጨረቃ ፀሐይ ያረፈባት አካል ናት። ስልካችን ግን ጨለማውን ሰማይ አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነጭ ነጠብጣብ ያደርጋታል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ነክተን ብርሃኑን እንቀንስ፤ ስልኩን በትሪፖድ ወይም በድንጋይ አስደግፈን ሰዓት ቆጣሪውን እንጠቀም። ካሜራ ያለው ሙሉ ጨረቃን በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 11 እና በ1/125 ሴኮንድ ይጀምር። ቀጭኗ ጨረቃ ደብዛዛ ስለሆነች ረዘም ያለ ጊዜ ትፈልጋለች።

ጨረቃ ከአድማስ ስትወጣ የምትገዝፈው በእይታችን ግምት እንጂ በመጠኗ እንዳልሆነም አስተምረዋል። ከአጋሮ የቡና ማሳዎች በላይ ገዝፋ ያየናት ጨረቃ በፎቶ ስታንስብን ካሜራው አልተሳሳተም።

ኢብኑል ሀይሠም በ430 ሂጅራ (1040 እ.ኤ.አ.) ገደማ ካይሮ ውስጥ አረፉ። ትልቅ ሰው ስለተናገረው ብቻ ነገርን አይቀበሉም ነበር፤ በበጥሊሞስ ሥራ ላይ እንኳ ጥርጣሬያቸውን በመጽሐፍ አስፍረዋል። እኛም የሂላል ፎቶ ሲደርሰን መቼና የት እንደተነሳ ሳናጣራ አናሰራጭ፤ ያነሳነውንም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈን እንላክ። ያለፈው ዓመት ፎቶ የስንቱን ጾምና ዒድ ሊያምታታ ይችላል።

አላህ ይዘንላቸው፤ ጠቃሚ ዒልምንም ይወፍቀን። አሚን።