ልዕልት ፀሐይ፤ የቦምብ ቁስለኞች አስታማሚ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር፣ ለመጽሔቱ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ወደ ሰላሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ በጠላት ወረራ ዘመን ከሰማይ ይወርድ ስለ ነበረው ቦምብ ከሽማግሌዎች ሰምተናል። ስለዚህ በሁለት አገር የአይሮፕላን ድብደባ የደረሰባቸውን ሰዎች ለመርዳት የደከሙትን የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት መረጥን።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት ገደማ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1927 ዓ.ም. የመሣሪያ ሽያጭ ከልክለው ስለ ነበር፣ ሠራዊታችን የነበረው የፀረ አይሮፕላን መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በተደበደበች ጊዜ፣ አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመትረየስ ወደ አይሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። በዚያን ቀን የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ ከቦምብ አልዳነም። ልዕልቲቱም ከአዲስ አበባ ሴቶች ጋር ሆነው ለቁስለኞች መጠቅለያ ጨርቅ በማዘጋጀት ይረዱ ነበር። በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ በተነሰነሰ ጊዜም፣ ስለዚህ ግፍ ለውጭ አገር ሴቶች አቤቱታ አቀረቡ።

በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ቤተሰቡ በባዝ ከተማ ሲቀመጥ፣ እርሳቸው የንጉሥ ልጅነታቸውን ሳያስቡ በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ጀመሩ። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ከዚያም ትምህርታቸውን ለማስፋት ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ገቡ።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ከ1932 ዓ.ም. ጳጉሜን ጀምሮ የጀርመን አይሮፕላኖች ሎንዶንን 57 ሌሊት በተከታታይ ደበደቡ። የእንግሊዝ ጦር የፀረ አይሮፕላን ክፍል በጄኔራል ፍሬደሪክ ፓይል ይታዘዝ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት የከተማዋ መድፎች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከሌላ ቦታ መጥተው ቁጥራቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በጨለማ አይሮፕላንን መምታት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ በመጀመሪያ የወደቁት ጥቂቶች ነበሩ። ቢሆንም የመድፉ ድምፅ ሕዝቡን አጽናና፤ የሚከላከልለት እንዳለ ዐወቀና። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶች ወደ መድፈኛ ክፍሎች ገብተው፣ የአይሮፕላኑን ከፍታና አካሄድ በመሣሪያ ይለኩ ጀመር።

ነገር ግን መድፍ ያላስቀረው ቦምብ ቁስለኛ ያመጣል። ልዕልት ፀሐይ በዚህ ዘመን ከነርሶች ጋር ቆመው የአይሮፕላን ቁስለኞችን አስታመሙ። አገራቸው ስትነድ በቂ ርዳታ ያልሰጠ መንግሥት ሕዝብ መሆኑን እያወቁ፣ ቂም ሳይዙ ቁስሉን አሠሩለት። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ቦምብ በወደቀባት በደሴ ከተማ ሆስፒታል አገለገሉ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። ነገር ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የሎንዶን ቦምብ ያልነካቸው እኒህ ነርስ፣ የብዙ እናቶቻችን መከራ በሆነው በወሊድ ተወሰዱ።

ወዳጃቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ደከሙ፤ በ1940ዎቹም በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተከፈተ። ይኸው በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አገር የሚጠበቀው በመድፍ ብቻ አይደለም። መድፉን የሚያነጣጥረው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቁስሉን የሚያሥረውም የተማረ እጅ ነው። ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ ከተማሩ፣ በአገራችን በሰላም የምንማረው እኛ ምን ምክንያት እናቀርባለን?