አፄ ዮሐንስ 4ኛ፦ የጉራዕ ድልና የቦሩ ሜዳ በደል

መቀሌ ላይ ቤተ መንግሥት ያሳነጹት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ነሥተው አገራቸውን አስከበሩ። ይህ ውለታቸው አይካድም።

ይሁን እንጂ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አንድነትን በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ተነሡ። የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ተጠመቁ፣ አለዚያ ሹመታችሁን ልቀቁ ተባሉ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲሆኑ፣ ሸህ ጦልሃ ግን አሻፈረኝ ብለው ሕዝቡን አስነሡ።

እንዲህ ያለው በደል የኛ አገር ብቻ አይደለም። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛም በ1685 እ.ኤ.አ. የፕሮቴስታንቶችን መብት ሽሮ ዜጎቹን ለስደት ዳርጓል።

ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጀግንነታቸውን የምንዘክር ሁሉ ቦሩ ሜዳንም አንርሳ፤ ድንበር በጦር ቢጠበቅም አገር የሚጸናው በፍትሕ ነውና።