ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ ከቁስለኞች አገልግሎት እስከ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት

በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ። ባሌ ያን ጊዜ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሳይሆን በሐረርጌ ሥር ነበረ። ከየአውራጃው ተመርጠው አዲስ አበባ ከተሰበሰቡት እንደራሴዎች መካከል እስከዚያ ቀን በአገሪቱ ታሪክ ያልታየ ነገር ሆነ፤ አንዲት ሴት በሕዝብ ድምፅ ተመርጣ ወንበር ያዘች። እኚህ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር ትምህርት ከቀሰሙ ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሲሆኑ፣ በጎንደር ከንቲባነት አገልግለዋል። ሴት ልጅን ማስተማር ለብዙው ሰው እንግዳ በነበረበት ዘመን እኚህ አባት ልጃቸውን ወደ አውሮፓ ላኩ። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው ከጠላት ወረራ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ እርሳቸው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አቀኑ። በዚያ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር መሥርተው ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ከማኅበሩ ጋር ተሰልፈው ቁስለኞችን በመርዳትና በማስታመም አገልግለዋል። ለሕዝብ የሚደረግ አገልግሎት በሕይወታቸው የጀመረው መድኃኒትና ማሰሪያ ጨርቅ በሌለበት በዚያ የጦር ሜዳ ነበር ማለት ይቻላል።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እያደኑ መግደልና ማጋዝ ጀመሩ። ወይዘሮ ስንዱም ከተያዙት አንዷ ሆነው በሰርዲኒያ አጠገብ ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። እንደርሳቸው በግዞት የነበሩ ብዙዎች በርሃብና በበሽታ ሲያልቁ፣ እርሳቸው በሕይወት ተርፈው ወደ አገራቸው ለመመለስ በቁ።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የተማረ ሰው እጅግ ተመናምኖ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በደሴ በትምህርት ሥራ ካገለገሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በኃላፊነት ያዙ፤ ትምህርት ቤቱን በዳይሬክተርነት የመራች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው የአርበኝነቱን ዘመን የሚያሳዩ ተውኔቶችን እየጻፉ ያሠሩ ነበር። የልቤ መጽሐፍ የተሰኘው የግጥምና የተውኔት መድበላቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሟል።

ይሁን እንጂ የአንዲት ልጅ ዕጣ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ብቻ አይወሰንም። ፊደል የቆጠረችው ልጅ በስንት ዓመቷ እንደምትዳር፣ በትዳሯ ውስጥ ምን ሥልጣን እንዳላት፣ በፍርድ ፊት እንዴት እንደምትታይ የሚወስነው ሕግ ነው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ለወንዱም ለሴቱም የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ አስተማሪዋ ወደዚያ በር አመሩ።

መንገዱ ለማንም የተመቸ አልነበረም። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ስላልነበረ እያንዳንዱ ዕጩ ብቻውን ነበር የሚወዳደረው። ሕጉም ዕጩው በምርጫ ወረዳው ቢያንስ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ገበሬውና ድሃው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስሟ ንብረት የሌላት ሴት፣ ሳይወዳደሩ የቀሩት በዚህ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ይህን ሁሉ አልፈው ተመረጡ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ።

በእንደራሴነት ዘመናቸው ከወጡት ሕጎች ሁሉ ትልቁ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ወይዘሮ ስንዱ የሴቶችን ጉዳይ በምክር ቤቱ አንስተው ቢከራከሩም፣ ሕጉ ሲጸድቅ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ አጸና፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። በወንዶች በተሞላ ሸንጎ የጥቂት ሴቶች ድምፅ ሚዛኑን ሊያዘነብለው አልቻለም።

ከምክር ቤት በኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። ዕድሜ ከሰጣቸው ጸጋ አንዱ ያ ሕግ ሲለወጥ ማየታቸው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀርቶ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የኦሮሚያም የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ወይዘሮ ስንዱ ከዚህ በኋላ በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ከሪራ ተነሥታ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የሰነቴን ብርዳማ አምባ ተሻግራ ጎባ ወይም ሮቤ ለመማር የምትሄድ ልጅ የወይዘሮ ስንዱን ስም ሰምታ ላታውቅ ትችላለች። ትምህርቷን ሳትጨርስ ልትዳር ብትገደድ ግን የሚከላከልላት ሕግ አለ። እርሳቸው በተቀመጡበት ምክር ቤት በወጣው ሕግ ጊዜ 15 ዓመት የሞላት ልጅ ይህ ከለላ አልነበራትም።