የመቅደላው ልጅ በባሕር ማዶ



ለመጽሔታችን የመረጥነው ታሪክ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ነው። ስለ አባቱ ያልሰማ የለም። ልጁም በእንግሊዝ አገር እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ግን ብዙ ጊዜ ስለማይነሣው፣ በባሕር ዳርቻ ላይ ስላሳለፋቸው ወራት ነው። እነማን ያስተናግዱት እንደነበር፣ ወዴት ይወስዱት እንደነበር፣ መጨረሻውም ምን እንደሆነ እንደ ዐቅማችን እንናገራለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉት በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ዓለማየሁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ ባሕሩ ሲመለስ ልጁንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ይዞ ተነሣ። እቴጌይቱ አስቀድሞም ታመው ስለነበር መንገዱን አልጨረሱም፤ በጉዞ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ልጁ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አባትም እናትም አጣ። የአባቱን ቀብር ጠላት ቆሞበት፣ የእናቱን ሐዘን ጉዞ አቋርጦት ነው አገሩን የለቀቀው።

በመንገድ ላይ የተጠጋው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ካፒቴን ስፒዲ የሚባል፣ ቁመቱ እጅግ የረዘመ፣ ጢሙ ቀላ ያለ እንግሊዛዊ ነው። ስፒዲ ቀደም ሲል በአገራችን ኖሮ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ የአገሩ ሰውም ባሻ ፈለቀ ይለው ነበር። ልጁ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ሲያገኝ ሙጭጭ አለበት። ሌሊት እንኳ ከሱ ተለይቶ መተኛት ይፈራ ነበር ይባላል። ያየው ነገር ቀላል አይደለምና አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 እንግሊዝ አገር ደረሱ። ስፒዲ ልጁን ይዞ የተቀመጠው አይል ኦፍ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ፣ ፍሬሽዋተር በሚሉት መንደር ነው። ደሴቲቱ በእንግሊዝ ደቡብ ያለች ስትሆን ከባሕሩ ማዶ ያለው አገር ፈረንሳይ ነው። ገደሉ እንደ ኖራ የነጣ፣ መስኩ ለምለም ነው። ሀብታሞችና ደራሲዎች አየር ለመለወጥ የሚሄዱባት ቦታ ነበረች። የደጋ ልጅ፣ የአምባ ልጅ፣ ውሃ የከበበው ምድር ላይ ኑሮ ጀመረ።

የመጀመሪያዋ ትልቅ አስተናጋጁ ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ንግሥቲቱ በዚያችው ደሴት ኦስቦርን የሚባል ቤተ መንግሥት ስለነበራቸው ስፒዲ ልጁን ይዞት ሄደ። ንግሥቲቱ ልጁን ወደዱት፤ መልኩንና ጨዋነቱን በዕለት ማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩ። ፎቶግራፍም አስነሡት። እሳቸውም ባላቸው ሞቶባቸው ገና ከሐዘን ያልወጡ ሴት ነበሩና ለሙት ልጅ አንጀታቸው ሳይባባ አልቀረም። ነገር ግን መቅደላን የሰበረው ጦር የሳቸው ጦር ነው። ደግነቱ እውነት ነው፣ ያም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይኖርብናል።

በፍሬሽዋተር ደግሞ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ባለቅኔ ቴኒሰን ይኖር ነበር። ልጁን ወደ ቴኒሰን ቤት ወስደውት ነበር። የባለቅኔው ሚስት በማስታወሻዋ እንደጻፈችው፣ በዛፎቹ መካከል ሲሄዱ ዓለማየሁ በጫካው ውስጥ ዝሆን ሊኖር ስለሚችል ተጠንቀቁ ብሎ አስጠነቀቀ። ሰዎቹ እንደ ልጅ ጨዋታ አይተውት ይሆናል። እኛ ግን ሌላ ነገር ያስታውሰናል። የናፒየር ጦር መድፉን ወደ መቅደላ ያጓጓዘው ከሕንድ ባስመጣቸው 44 ዝሆኖች ነበር። ምናልባትም ልጁ በዚያ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ የፈራው ያንኑ ይሆናል።

በዚያው መንደር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። ዓለማየሁንና ስፒዲን አንድ ላይ አነሣቻቸው። ስፒዲ የአገራችንን ልብስ ለብሷል፤ ልጁም የአገሩን ልብስ እንደለበሰ ነው። እኛ የሸማ ተራ ሰዎች ያንን ፎቶግራፍ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ነው። ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ከፈታዩዋና ከሸማኔው እጅ ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ጥጥ ነው። ፊቱን ግን ልብ ብላችሁ ብታዩት ሣቅ የሚባል ነገር የለበትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በተነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ደግሞ ኮትና ሱሪ ለብሷል። ሸማው የለም።

የደሴቲቱ ኑሮ ብዙም አልቆየም። ስፒዲ እዚያው ሚስት አገባ፤ ወዲያው ሥራ ስላገኘ ልጁን ይዞ ወደ ሕንድ ሄደ። ቆይቶ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ተመልሶ ይማር ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ እንዲለይ ባይወዱም ውሳኔው ጸና። ቼልተናም፣ ቀጥሎም ራግቢ የሚባል ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቢላክም አልተስማማውም። አማርኛውም ጠፍቶበት ነበር። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ እሱ ግን የአያቱን ቋንቋ ማንበብ ከማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር።

በመጨረሻ ሊድስ በምትባል ከተማ ከቀድሞ አስተማሪው ዘንድ ተቀመጠ። እዚያም ሳንባው ታመመና እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው ያዘኑበት ነገር ልብ የሚነካ ነው። ልጁ በሰው አገር ብቻውን፣ አንድ እንኳ የኔ የሚለው ዘመድ ሳይኖረው መሞቱን ነው የጻፉት። በሳቸው ፈቃድ በዊንድሰር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ።

አጽሙ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ይመለስልን ብለው ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ የሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት የሚቻል አይመስለንም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ከራሱ የተቆረጠ ጥቂት ጠጉር ለኢትዮጵያ ተወካዮች ለንደን ላይ ተሰጠ። ከልጁ ያገኘነው ይኸው ነው።

ይህንን ታሪክ በእድር መጽሔት ላይ ማውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለማየሁ የሚያበላው፣ የሚያለብሰውና የሚጎበኘው ሰው አላጣም። ንግሥትም ባለቅኔም በራቸውን ከፍተውለታል። ያጣው በቋንቋው አልቅሶ አፈር የሚያለብሰውን ሰው ነው። እድር የተቋቋመው ለዚህ ነው። መርዶ ሲመጣ ሬሳ ባይኖርም ድንኳን የምንተክለው፣ ለቀስተኛ የምንቀበለው፣ ሰው ብቻውን አልሞተም ለማለት ነው።

ዛሬ ከመካከላችን ልጁ ባሕር ማዶ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ሲደውሉልን ደኅና ነኝ ይላሉ፤ እኛም ደኅና ናቸው ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ብትታመም አጠገብህ ማን አለ? የዚያን ሰው ስምና ስልክ ጽፈን ቤታችን እናስቀምጥ። ለወይዘሮ ላቂያዬ ይህን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ለኛ ግን ይቻላል።