አለን ቱሪንግና የሥራ ማረጋገጫ

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በለንደን ተወለደ። በጦርነቱ ዘመን የጠላትን የምስጢር ጽሕፈት በመፍታት አገሩን አገለገለ። እኛ ግን ሌላውን ሥራውን እናነሣለን።

በ1949 በካምብሪጅ ጉባኤ፥ ለኮምፒዩተር የተጻፈ ረዥም ፕሮግራም ትክክል መሆኑ የሚረጋገጥበትን መንገድ በመደመር ሒሳብ አስረዳ። ደማሪው በእጁ የያዘውን ቁጥር በየዓምዱ ከጻፈ፥ መርማሪው እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው ያያል፤ ድምሩን ብቻ ካቀረበ ግን ሁሉን እንደ ገና መደመር ግድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው በየደረጃው እውነት መሆን የሚገባውን እንዲያስታውቅ መከረ።

ቱሪንግ በ1954 በ41 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ኮምፒዩተር ራሱ ፕሮግራምን ሲፈትን፥ እንዲህ የተጻፈው ቃል ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፈተናው ይወድቃል። እኛም ሥራችንን ሌላው ሊመረምረው በሚችልበት መንገድ ማቅረብን ከርሱ እንማራለን።