የደብረ ኤልያሱ ልጅ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ አንድ የአገራችን ሰው እንድንጽፍ ያነሣሣን ለቅሶ ቤት የተነሣ ጨዋታ ነው። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ስንቆረጥም ከወጣቶቹ አባሎቻችን አንዱ፥ ሬሳው ላልተገኘ ሰው ዕድር ይወጣለታል ወይስ አይወጣለትም ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ መተዳደሪያ ደንቡን እየጠቀሱ ተከራከሩ። ገሚሱ ሬሳ ከሌለ ቀብር የለም፥ ቀብር ከሌለም ወጪ የለም አለ። ገሚሱ ደግሞ ለቅሶው የሚለቀሰው ለቋሚው ነው እንጂ ለሟቹ ነው እንዴ ብሎ ተቆጣ። ወሬው ዞሮ ዞሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መቃብራቸው ሳይታወቅ ወደ ቆዩት ወደ ፓትርያርኩ ወደ አቡነ ቴዎፍሎስ ሄደ። ያ ጠያቂው ልጅ ስማቸውን ከነጭራሹ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ደነገጥን። ደብረ ኤልያስ እኮ እዚሁ ከአፍንጫችን ሥር ነው!

እንግዲህ ለልጁም ለሌሎቻችንም እንዲሆን የምናውቀውን እንጽፋለን።

አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱት ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ በሚገኘው በደብረ ኤልያስ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው። የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ነበር። ደብረ ኤልያስ በዚያን ዘመን ተራ የገጠር ደብር አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ከአራቱም ማዕዘን እየመጣ የሚሰፍርበት፥ ጎጆው ከነዋሪው ቤት የማይተናነስ የትምህርት አገር ነበር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያው ትውልድ የተወለዱና ደብረ ኤልያስ የተማሩ መሆናቸውን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል።

የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከእኛ ውስጥ ያየ አለ፥ የኖረውም አለ። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ በየደጃፉ በእመቤታችን ስም ይለምናል። የሰጠችውን እናት አያውቃት፥ እርሷም አታውቀው። ቁራሿ ግን ትመጣለች። እንደ እኛ አስተያየት የጎጃም ሊቃውንት የመዳንን ነገር የተማሩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በነፃ የተሰጠ እንጀራ የበላ ሰው፥ በነፃ የተሰጠ ድኅነት ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ምስጋናውም ከአፉ አይጠፋም። ይህን የምንለው እኛ ነን፤ አባታችን እንዲህ ብለዋል ብለን በስማቸው አናወራም።

መልእክቱ የአገር ቤቱን ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በደብረ ሊባኖስ ገዳምም መነኮሱ። ያ ትውልድ የምንኵስናን ዋጋ በዓይኑ ያየ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በፋሽስቶች ጥይት አዲስ አበባ ላይ የወደቁት ሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ በጅምላ ተረሸኑ። ቆብ የደፋ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደሚጠብቀው ጠፍቶት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሹመት በአጭሩ እንለፈው። ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጵጵስና ሲቀበሉ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ቴዎፍሎስ የተባሉትም ያን ጊዜ ነው፤ ትርጓሜው እግዚአብሔርን የሚወድ ማለት ነው። ለሐረርጌ ተሾመው ለረጅም ዘመን አገለገሉ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ሲያርፉ ቦታውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ለብዙ ሰው ግልጽ ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው መንበሩን ተረከቡ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የተሾሙት ካይሮ ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ግን በገዛ አገራቸው ምድር፥ በገዛ አገራቸው ጳጳሳት ተሾሙ። ከአባ ሰላማ ጀምሮ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ ከእስክንድርያ ስናስመጣ ለኖርነው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዕድርተኛ ልብ ሊለው ወደሚገባው ጉዳይ እንመጣለን። በእርሳቸው ዘመን ከተሠራው ሥራ ሁሉ እኛን የሚገርመን ሰበካ ጉባኤ ነው። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጣና በየአጥቢያው ካህናቱ፥ ምእመናኑና ወጣቶቹ ተወካያቸውን መርጠው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያስተዳድሩ፥ እያንዳንዱ ምእመንም ስሙን አስመዝግቦ መዋጮ እንዲከፍል ተደነገገ። ምን ይመስላል? ዕድር ነው የሚመስለው! ሊቀ መንበር አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ገንዘብ ያዥ አለው፥ የማይከፍል ሰውም መቼም አይጠፋበትም።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩ አልገባውም ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን መሬት አላት፤ ካህኑ በሰሞን መሬቱ ያርሳል፥ ያሳርሳል፥ ይቀድሳል። ታዲያ የድኻ ሳንቲም ምን ያደርግላታል? ሁለት ዓመት አልፎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ሄደ። ካህኑ ባዶ እጁን ቀረ። በዚያን ጊዜ ዕጣኑን፥ ጧፉን፥ የካህኑንም ቀለብ የሸፈነው ያ መናኛ የተባለው መዋጮ ነው። ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ባይተከል ኖሮ ስንቱ ደብር በሩ ይዘጋ እንደነበር እናንተው ገምቱ። አሁንም ድረስ አጥቢያዎቻችን የሚተዳደሩት በዚሁ ነው።

ለውጡ ሲመጣ አባታችን እንዴት ነበሩ? እውነቱን እንነጋገር ካልን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከደርግ ጋር ጦር አልተማዘዙም። በ1966 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ቤተ ክርስቲያን የነበራትን የመንግሥት ሃይማኖትነት ስለ ነሣ ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፥ እሱማ ለማዕርጓ መከራከር ነው እንጂ ስለ እምነት መመስከር አይደለም ይላል። እኛም ይህን ክርክር እንዲሁ አንጥለውም። ሰው ስለ ወንበሩም ስለ አምላኩም በአንድ ድምፅ ሊናገር ይችላል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ወንበሩ የሚሄድበት ቀን ሲመጣ ነው።

ያ ቀን መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ባለሥልጣኖችና መኮንኖች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። አገር ፀጥ አለ። ከዚያ በኋላ መናገር ቀርቶ መተንፈስም ያስፈራ ነበር። ዕድሜው የደረሰ አባል ያን ጊዜ ሬዲዮ እንዴት ይደመጥ እንደነበር ያጫውታችሁ።

በ1968 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳትን ሾሙ፤ አቡነ ጳውሎስን፥ አቡነ ባስልዮስንና አቡነ ጴጥሮስን። ከእነዚህ አቡነ ጳውሎስ በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን ትምህርት ላይ ሳሉ ፓትርያርኩ አስጠርተዋቸው የመጡ ነበሩ። ነገሩን ላይ ላዩን ላየው የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ ማስፈቀድ ሲገባቸው አላስፈቀዱም፥ በቃ። ግን ጳጳስ የሚሾመው ማን ነው? መንፈስ ቅዱስ በሲኖዶስ በኩል ነው ወይስ የደርግ ጽሕፈት ቤት? ፓትርያርኩ አንዲት ደብዳቤ ቢጽፉ ይበቃ ነበር። ምናልባትም ይፈቀድላቸው ነበር። ግን ያችን ደብዳቤ የጻፉ ቀን ከዚያ ወዲያ ያለ ፈቃድ የሚሾም ጳጳስ አይኖርም። ስለ እምነት በድፍረት መናገር ሁልጊዜ በአደባባይ መጮኽ አይደለም። አንዳንዴ ማስፈቀድ የማይገባን ነገር አለማስፈቀድ ነው። ጴጥሮስና ሌሎቹ ሐዋርያትም በሸንጎ ፊት የቆሙት፥ በኢየሱስ ስም እንዳያስተምሩ ተከልክለው ሳለ ማስተማራቸውን ስላልተዉ ነበር።

የካቲት 10 ቀን 1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አወረዳቸውና አሰራቸው። ከክሱ አንዱ ያ ሹመት ነበር። ሌላውም ከቀድሞው ሥርዓት ጋር መተባበርና ሀብት ማካበት ተብሎ ተለጠፈባቸው። ሦስቱም አዲስ ጳጳሳት አብረው ታሰሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ባሕታዊው አባ መላኩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ፓትርያርክ ሆኑ። እኒህ አባት ለራሳቸው በጸሎትና በጾም የሚታወቁ ደግ መነኵሴ ስለሆኑ በእርሳቸው ላይ የምንለው ክፉ ነገር የለንም። ሆኖም የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን፥ ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ ሌላ አይሾምበትም በማለት ሹመቱን አልተቀበለችም። እዚህ ግን ዝም ተባለ።

ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ላይ፥ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ፥ በገመድ ታንቀው ተገደሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በዕድራችን ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለ፤ ድንኳኑን አብረን እንተክላለን፥ ቃሬዛውን አብረን እንሸከማለን። የእነዚህም የሁለት አባቶች አሟሟት አንድ ዓይነት መሆኑን ለማስታወስ ያህል ጻፍነው። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመኖቻቸውን ጥለው እንደማይሄዱ ገልጸው የቀሩ ሰው ናቸው።

መንግሥት የፓትርያርኩን ሞት ለሕዝብ አልነገረም። ይህን ነው ያ ልጅ እንዲያስብበት የምንፈልገው። ሞት ካልተነገረ ጥሩምባ አይነፋም። በይፋ ፍትሐት አይደረስም፥ ዐርባና ሰማንያ አይወጣም፥ ተስካር አይደገስም። ስንቱን ሲፈቱና ሲቀብሩ የኖሩ አባት እግዚአብሔር ይፍታህ የሚላቸው ሰው ሳያገኙ ጉድጓድ ገቡ። ጠያቂ ሲጠይቅ መልስ የለም። ዘመድ እንዳያለቅስ አልሞቱም፥ እንዳይጠይቅ የሉም። እኛ ከለቅሶ የቀረን አባል መቀጫ የምናስከፍል ሰዎች፥ ይህ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባናል።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ፍለጋው ተጀመረ። በ1984 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተቆፍሮ ወጣ። የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም የልዑል ራስ አሥራተ ካሳ መኖሪያ በነበረው ግቢ ውስጥ ከሌሎች ሟቾች ጋር ተገኘ። የግቢው ባለቤት ራስ አሥራተ ራሳቸው ከእነዚያ ስድሳዎቹ አንዱ ነበሩ። ባለቤቱን ገድለው ቤቱን መቃብር አደረጉት።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የፓትርያርኩ አፅም በክብር ወጥቶ፥ ፍትሐት ተደርሶለት፥ በሕይወት ሳሉ ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አረፈ። አሥራ ሦስት ዓመት የዘገየ ቀብር ነው። በዚያው ሰሞን፥ ሐምሌ 5 ቀን 1984 ዓ.ም.፥ ያለ ፈቃድ ተሾሙ ተብለው ሰባት ዓመት ያህል የታሰሩት አቡነ ጳውሎስ አምስተኛው ፓትርያርክ ሆነው መንበሩ ላይ ተቀመጡ። እርሳቸውም በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ቤተ ክርስቲያን አቡነ ቴዎፍሎስን ዛሬ ሰማዕት ብላ ትጠራለች።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ለሕክምናም ይሁን ልጅ ለመጠየቅ ዓባይን የሚሻገር አባል አይጠፋምና፥ ጎፋ ጎራ ብሎ በመቃብራቸው አጠገብ በደብረ ኤልያስ ሰዎች ስም አንድ ጧፍ ቢያበራ ደስ ይለናል። የጧፉን ዋጋ ከዕድሩ አትጠይቁ እንጂ።

ያ በድንኳን ውስጥ የተጀመረው ክርክር ግን አላለቀም። ሬሳው ላልተገኘ አባል ዕድር ይውጣ አይውጣ የሚለው ጥያቄ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ ለዳኛው ጠይቀናል፤ ያ ልጅም ነገሩን ያነሣ እርሱ ስለሆነ እጁን አውጥቶ እንዲያስረዳ ተነግሮታል።